«ተፈጥሯዊ» የተባለው ጠርሙስ ውስጥ ምን አለ?



ነገሩ የሆነው በሻዕባን ወር መጨረሻ ሳምንት ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ደሴ ውስጥ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ገብተው፣ በፌስታል ጠቅልለው ያመጡትን ነጭ ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይህን ከአሜሪካ ልጄ ናት የላከችልኝ። የፊተኛው እንክብሌ 100 ይላል፤ ይህኛው 60 ነው የሚለው። አነሰብኝ መሰለኝ፣ ሁለት ሁለት ልዋጠው?» አሉኝ።

የፊተኛው የት እንደደረሰ ጠየቅኋቸው። «እሱማ ኬሚካል ነው አለችኝ፤ ተውኩት። ይህ ግን ተፈጥሯዊ ነው።»

ጠርሙሱን አንስቼ ጽሑፉን አነበብኩ። «የታይሮይድ ዕጢ» ይላል። የማን ዕጢ? እሱም በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። የአሳማ።

እማማ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን እሳት እንደ ነካው ሰው ሰበሰቡ። «አስተግፊሩላህ! ሁለት ሳምንት ዋጥኩት እኮ!» ባላወቁት ነገር እንደማይጠየቁ ነግሬ አረጋጋኋቸው፤ የቀድሞውን እንክብላቸውንም መልሼ አስያዝኳቸው። እሳቸው ሄዱ። እኔ ግን ያን ዕለት የተሰማኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ንዴቴ በእሳቸው አይደለም። እናቷን ወድዳ፣ ከደመወዟ ቀንሳ በላከችው ልጃቸውም አይደለም። ንዴቴ «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል እንደ ዒድ ልብስ አልብሶ ያገኘውን ሁሉ በየቤታችን በሚያስገባው ልማድ ላይ ነው። ይህ ልማድ አሜሪካም አለ፤ እዚሁ ገበያችንም ውስጥ አለ፤ ከቡና ረከቦታችን ዙሪያም አለ። ስለዚህ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ቤትህ ውስጥ የታይሮይድ ዕጢው የደከመበት ሰው ካለ (በተለይ ሴቶች ላይ ይበዛልና እናትህ፣ ሚስትህ ወይም እህትህ ልትሆን ትችላለች) ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ታገሠኝ።

በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው አንድ ዕጢ አለ። ከምንበላው ምግብ አዮዲን እየወሰደ ሁለት ሆርሞኖችን ይሠራል። አንዱ አራት የአዮዲን አቶም ያለው ቲ-4 ሲሆን ሌላው ሦስት ያለው ቲ-3 ነው። ዕጢው በብዛት የሚያመነጨው ቲ-4ን ነው፤ አካላችን ደግሞ በሚያስፈልገው ቦታና መጠን ወደ ቲ-3 ይለውጠዋል። ሱብሓነላህ! ዕጢው ሲደክም ሰውየው ሁለመናው ይቀዘቅዛል። ብርድ ይበዛበታል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ኪሎው ይጨምራል፣ ልቡ በዝግታ ይመታል፣ ይረሳል፣ ይከፋዋል። የሴቷ የወር አበባ ይበዛል ወይም ይዛባል። ብዙ ባሎች ይህን አይተው «ሰነፈች» ይላሉ። የሰነፈው ዕጢዋ ነው።

ታዲያ ምን ይወሰድ? እስቲ ከታሪኩ እንነሣ።

እ.ኤ.አ. በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በዚህ ሕመም ፊቷ ላበጠና ለደነዘዘች አንዲት ሴት ከበግ ታይሮይድ ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ በመርፌ ሰጣት። ሴትየዋ ዳነች፤ ከዚያ በኋላም ሃያ ስምንት ዓመት ኖራለች። ልብ በል፤ የመጀመሪያው የበግ ነበር። ነገር ግን ሥራው ወደ ፋብሪካ ሲገባ የታይሮይድ ዕጢ የእርድ ቤት ትርፍ ሆነ። ከነዚህ መድኃኒቶች ዝነኛው «አርሞር» ስሙን ያገኘው ከቺካጎ የሥጋ ፋብሪካ ነው! አሳማ በብዛት ከሚታረድበት አገር የአሳማ ዕጢ ቢመጣ የሚገርም አይደለም። ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በእንክብል ይጠፈጠፋል። ዛሬም አሜሪካ ውስጥ በዚህ ስም በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡት ዋና ዋናዎቹ እንክብሎች ከዚሁ ነው የሚሠሩት።

በዚያ ዘመን ሌላ አማራጭ አልነበረም። በኋላ ግን ቻርልስ ሃሪንግተን የቲ-4ን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1926 አሳወቀ፤ በ1927 ደግሞ ከጆርጅ ባርገር ጋር ሆኖ ከእንስሳ ሳይወስድ በላቦራቶሪ ሠራው። ዛሬ ሌቮታይሮክሲን የምንለው፣ በየመድኃኒት ቤቱ ዩታይሮክስ ወይም ኤልትሮክሲን በሚሉ ስሞች የምታገኘው ትንሽ እንክብል ይህ ነው። በውስጡ ያለው ሆርሞን የሰው ዕጢ ከሚያመነጨው ቲ-4 ጋር አንድ ነው። አካልህ «ይህ የፋብሪካ ነው፣ ይህ የእኔ ነው» ብሎ አይለየውም።

እንግዲህ ለመሆኑ የትኛው ነው ተፈጥሯዊው? ከሰው ልጅ ሆርሞን ጋር በአቶም ሳይቀር አንድ የሆነው? ወይስ ለአሳማ አንገት የተሠራው? አላህ የሰውን ዕጢ በራሱ ሚዛን ነው የፈጠረው። ከሰው ዕጢ የሚወጣው ቲ-4 ከቲ-3 አሥራ አራት እጥፍ ያህል ሲሆን፣ በአሳማው ዱቄት ውስጥ ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው። በ60 ሚሊግራሙ እንክብል ውስጥ 38 ማይክሮግራም ቲ-4 እና 9 ማይክሮግራም ቲ-3 አለ። የእማማ ስሕተት የመጣው ከዚህ ነው። 100 የሚለው የቀድሞ እንክብላቸው የጠራ ሆርሞን በማይክሮግራም የተለካበት ነው፤ 60 የሚለው ግን በሚሊግራም የተመዘነ የደረቀ ሥጋ ነው። 60 ከ100 ያንሳል ብለው ሁለት ሁለት ቢውጡት ኖሮ፣ ፈጥኖ የሚሠራው ቲ-3 በዚያ ዕድሜ ባለ ልብ ላይ ምን እንደሚያደርስ ማሰብ አልፈልግም። ከልክ ያለፈ የታይሮይድ ሆርሞን የአረጋውያንን የልብ ምት ያዛባል፣ አጥንታቸውንም ያሳሳል።

አሁን ወደ ሸሪዓው ጥያቄ ልምጣ። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ፈትዋ መስጠትም የእኔ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ፈትዋ የሚጠይቅ ሰው ለዓሊሙ እውነቱን ማቅረብ አለበት። የታዘብኩት ይህን አይደለም። «ሸኽ፣ ሐኪም ያዘዘልኝ ከእንስሳ የተሠራ መድኃኒት ነው፣ ያለሱ አልኖርም» ብሎ ይጠይቃል። ዓሊሙም በተነገራቸው መሠረት የደሩራን ነገር ያነሣሉ። «ሌላ ሐላል መድኃኒት አለ፤ ርካሽ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ያካተተው ነው፤ እኔ ግን ተፈጥሯዊ ስለተባለ የአሳማውን መረጥኩ» ብሎ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላየሁም። ደሩራ ማለት መውጫ ማጣት ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ ቤት ውስጥ ተቀምጦ «ተዘጋብኝ» ማለት ምን ይባላል?

አንዳንዱ ደግሞ ትንሽ አንብቦ «ኢስቲሓላ» ይላል፤ ማለትም ነገሩ ባሕርዩ ተለውጧልና ብይኑም ይለወጣል ነው። በኢስቲሓላ ጉዳይ ዑለሞች ሰፊ ውይይት አድርገዋል፤ ለእነሱ እተዋለሁ። እኔ የማውቀው የመድኃኒቱን አሠራር ነው። ይህ ዕጢ አልተለወጠም። ደረቀ፣ ተፈጨ፣ በቃ። ቋንጣ ሥጋነቱ ይጠፋል የሚል ካለ ያስረዳኝ!

የኢንሱሊንን ነገር እናስታውስ። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን ከከብትና ከአሳማ ቆሽት የሚወጣ ነበር፤ ሙስሊሙም ሕይወቱን ለማትረፍ ወስዶታል። እ.ኤ.አ. ከ1982 ወዲህ ግን ከሰው ኢንሱሊን ጋር አንድ የሆነው ለገበያ ቀረበ፤ የአሳማውም ነገር እየተረሳ ሄደ። «የአሳማው ይሻላልና መልሱልን» ብሎ ያለቀሰ ሙስሊም ቤተሰብ አላየሁም። ታዲያ በታይሮይድ ላይ ስንደርስ ለምን ወደ ኋላ እንሄዳለን?

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። «የዱቄቱን መውሰድ ከጀመርኩ ተሻለኝ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ይዋሻሉ አልልም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ በአሜሪካ በአንድ የጦር ኃይል የሕክምና ማዕከል የተደረገ ጥናት አለ። ሰባ ሕሙማን በየተራ ሁለቱንም መድኃኒት እንዲወስዱ ተደረገ፤ የትኛውን እየወሰዱ እንደሆነ ሳያውቁ። በሕመም ምልክቶችና በአእምሮ ብቃት መለኪያዎች ልዩነት አልታየም። ሆኖም ግማሽ ያህሉ (34 ሰዎች) የአሳማውን እንደሚመርጡ ተናገሩ፤ ጥቂት ኪሎም ቀንሰው ነበር። 13ቱ ሌቮታይሮክሲኑን መረጡ፤ 23ቱ ልዩነት የለውም አሉ። ይህን የምጽፈው የተቃራኒዬን ማስረጃ ደብቄ መርታት ስለማልፈልግ ነው።

ግን እስቲ አስብበት። በዱቄቱ ውስጥ ተለይቶ ያለው ነገር ቲ-3 ነው። ቲ-3 ደግሞ ለብቻው ከእንስሳ ሳይወሰድ ይሠራል፤ ሊዮታይሮኒን ይባላል። ሌቮታይሮክሲን በትክክል እየወሰደ፣ የደም ምርመራውም ተስተካክሎ ሳለ ድካሙ ያልለቀቀው ሰው በእርግጥ አለ። እንዲህ ያለው ሰው በመጀመሪያ የደም ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ-12 እጥረት፣ የእንቅልፍ መታወክ ወይም የመንፈስ ጭንቀት እንዳለበት ይመርመር። ከዚያ በኋላም ካልሆነ የሆርሞን ሐኪም ጥቂት ቲ-3 ጨምሮ ሊሞክርለት ይችላል፤ የአውሮፓ የታይሮይድ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ ይህን በልዩ ሐኪም ክትትል ፈቅዷል። ስለዚህ ቲ-3 የግድ ያስፈልገኛል ለሚለውም ሰው ቢሆን አሳማ አያስፈልገውም። ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

የልኩ ነገርም አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እነዚህን የእንስሳ ዱቄቶች አላጸደቃቸውም፤ ያልጸደቁ መሆናቸውንም እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ለአምራቾች፣ ለአስመጪዎችና ለአከፋፋዮች በደብዳቤ አስታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከነዚህ መድኃኒቶች አንዱ ከተጻፈበት በላይ ኃይል ስለተገኘበት ከገበያ ተሰብስቧል። በየፋብሪካው፣ በየእርዱ የሚለያይ ነገር ነውና።

የባሕር ማዶውን ስወቅስ የቤታችንን እንዳልረሳ። የሚያመኝ እሱ ነው።

ታናሽ እህቴ እንቅርት ነበረባት፤ በቀዶ ሕክምና ዕጢዋ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ሐኪሙም «ይህን እንክብል ዕድሜ ልክሽን በየቀኑ ትወስጃለሽ» አላት። «ዕድሜ ልክ» የሚለው ቃል ሰው ያስፈራል፤ ሱስ ይመስለዋል። በረጀብ ወር አንድ የማርና የጥቁር አዝሙድ ብጥብጥ ሻጭ «ይህን ሦስት ጠርሙስ ጨርሺ፣ ከእንክብል ነጻ ትወጫለሽ፤ የነቢዩ ሕክምና ነው» አላት። እንክብሉን ተወችው። ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚታለልበትን ነገር ልንገርህ። ሌቮታይሮክሲን በአካል ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው፤ በሰባት ቀን ግማሹ ብቻ ይወጣል። እህቴ ሳምንት ሁለት ሳምንት ምንም አልሆነችም። እንዲያውም «ይኸው ያለ እንክብል ደኅና ነኝ» ብላ ለጎረቤት መሰከረች። ሻጩም በምስክርነቷ ሌሎች ሦስት ሴቶች አገኘ።

ረመዷን ሲገባ ደከማት፤ «ጾሙ ነው» አለች። በረደኝ አለች፤ «ክረምቱ ነው» ተባለች። ከዚያ ፊቷ አበጠ፣ ድምፅዋ ጎረነነ፣ ንግግሯ ተጎተተ፣ ተቀምጣ ታንቀላፋ ጀመር። በሸዋል አማቷ «ይህችን ልጅ ጂን ነክቷታል» አሉ። ሦስት ሳምንት ሩቅያ ተቀራባት። ሩቅያን አልቃወምም፤ ከአላህ ቃል በላይ ምን ሽፋእ አለ! ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መድኃኒት እንድንፈልግም አዝዘውናል፤ ሩቅያና እንክብል መቼ ተጣሉ?

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆሜ የሰው እህቶችን ስመክር የምውል ወንድሟ፣ አላውቅም ነበር። በስልክ ድምፅዋ ሲሻክርብኝ «ጉንፋን ነው» አለችኝ፤ አመንኳት። ስንቴ ደጋግሜ አሰብኩት! አንድ ጥያቄ ብጠይቃት ኖሮ፤ «እንክብልሽን ትወስጃለሽ?» ብላት ኖሮ።

ስትመረመር ቲ.ኤስ.ኤች የሚባለው፣ በጤነኛ ሰው ከአራት ያህል የማያልፈው ልክ፣ ከመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሆርሞን አንጎል ለታይሮይድ ዕጢ የሚልከው ጥሪ ነው፤ መልስ ሲያጣ ጥሪው ይበረታል። በእህቴ ዘንድ የሚመልስ ዕጢ የለም፤ ተወግዷል። ታዲያ ጥቁር አዝሙዱ የትኛውን ዕጢ ሊያነቃ ነበር? አልሐምዱሊላህ፣ እንክብሉን መልሳ ጀምራ በሁለት ወር ፊቷ ወደ ፊቷ ተመለሰ። በመሀሉ ያጣችው የሁለት ወር ፅንስ ግን አልተመለሰም። በዚህ ምክንያት ነው ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም፤ ሐኪሙም አላለም። ቀደሩ የአላህ ነው። ሻጩ ግን ዛሬም ጠርሙሱን ይሸጣል።

ማርንና ጥቁር አዝሙድን የማቃልል እንዳይመስልህ። ቤቴ ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ እጠቀማቸዋለሁ። የምቃወመው በነቢዩ ስም ለንግድ የሚዋሸውን ነው። እሳቸው «ዕጢው ለወጣ ሰው ይህ ይበቃዋል» አላሉም። በውስጣቸው ቲ-4 የለም። ያላሉትን እንዳሉ አድርጎ ማውራት ምን እንደሚያስከትል ሻጩ ከእኔ በላይ ያውቃል፤ መድረሳ ተምሯልና።

የአዮዲን ጨውም እንዲሁ ይምታታል። አገራችን ውስጥ፣ በተለይ በደጋው፣ እንቅርት የኖረው ከአፈሩ አዮዲን ስላነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደንብ ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው አዝዟል፤ ትልቅ ሥራ ነው፤ አዮዲን ያለበትን ጨው ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃም አስቀምጡት። ነገር ግን ጨው መከላከያ እንጂ ዕጢው ለወጣ ወይም የገዛ አካሉ የመከላከያ ኃይል ዕጢውን ላጠፋበት ሰው መድኃኒት አይሆንም። «አዮዲን ነው» ተብሎ የሚሸጠውን የባሕር አረም እንክብል የሚጨምሩበት ሰዎች ደግሞ ጭራሽ ዕጢውን ሊያውኩት ይችላሉ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

ሌቮታይሮክሲን ይመረጥ ካልኩ ዘንዳ አወሳሰዱንም ልንገርህ፤ «አልሠራልኝም» ብለው ወደ ጠርሙሱ ከሚሮጡት ብዙዎቹ ያበላሹት አወሳሰዱን ነውና። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ይዋጣል። ቡናም ያግደዋል! አውቃለሁ፣ ለወሎ ሰው ይህ ከባድ ፍርድ ነው። ግን አቦሉ ላይ እንክብሉን የሚውጥ ሰው የሚገባውን ያህል ሳያገኝ ይቀራል። የካልሲየምና ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት እንክብል ደግሞ አራት ሰዓት ይራቁት። ነፍሰ ጡሮች ከጤና ጣቢያ የብረት እንክብል ተሰጥቷቸው ሁለቱንም በአንድ ጉንጭ ውሃ ሲውጡ ያየሁት ስንት ጊዜ ነው!

ረመዷን ሲመጣ ደግሞ እንክብሉን ለመተው ምክንያት የለም። መድኃኒቱ በቀን አንዴ ብቻ የሚወሰድ ነው፤ ሌሊቱ ሙሉ የእኛ ነው። አፍጥረህ፣ ተራዊሕ ሰግደህ፣ ከበላህ ሦስት ሰዓት ካለፈህ ልትተኛ ስትል ዋጠው። ሌሊት የሚበላ ነገር የማይለይህ ከሆንክ ደግሞ ከሱሑር ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀድመህ ተነሥና ዋጠው፤ ተሀጁድ ስገድበት። ሕመሙ ጸንቶበት ያልተስተካከለ ሰው ከሆነ ደግሞ ጾሙን ስለ ማቆየት ሐኪሙንና ዓሊሙን ይጠይቅ፤ አላህ ለበሽተኛ ያገራውን ሰው ባያከብድ መልካም ነው።

ባሎች ሆይ፣ አንድ ነገር ለእናንተ። ይህን መድኃኒት የምትወስድ ሚስትህ ማርገዟን ያወቀች ዕለት ያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ውሰዳት። በእርግዝና የሚያስፈልጋት መጠን ከሩብ እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል። ሐኪም እስኪያያት በሳምንት ሁለት እንክብል እንድትጨምር የሚመክሩ ሐኪሞች ብዙ ናቸው፤ ይህንንም አስቀድማ ከማርገዟ በፊት ትጠይቅ። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱ ዕጢ ገና አልሠራለትም፤ አንጎሉ የሚገነባው ከእናቱ ደም በሚደርሰው ቲ-4 ነው። በቲ-3 የከበደው፣ በቲ-4 ያነሰው የአሳማ ዱቄት ለነፍሰ ጡር የማይመከረውም በዚህ ምክንያት ነው። የምርመራው ብር ከበደኝ የሚል ካለ፣ ለሞባይል ካርድ የሚያወጣውን ይቁጠር። (ለሠርጌ ልክሳ ብለው ጤነኛ ሆነው ሳለ ይህን እንክብል ሊገዙኝ የሚመጡ ልጃገረዶችም አሉ። አልሸጥላቸውም። ልባቸውን ነው የሚያደክሙት።)

ዘመድ በውጭ ያላችሁ፣ መድኃኒቱ እዚህ ሲጠፋ ከጅዳም ከዱባይም ይላክላችኋል፤ አላህ ይስጣቸው። ነገር ግን ስሙንና ማይክሮግራሙን ጽፋችሁ ላኩላቸው፤ በእሽጉ እንዳለ፣ ሙቀትና እርጥበት ሳያገኘው ይምጣ። የፋብሪካው ስም ከተለወጠ ወይም መጠኑ ከተቀየረ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ጠብቃችሁ ቲ.ኤስ.ኤች አስመርምሩ። ከዚያ በፊት መመርመር ብር ማባከን ነው፤ ጨርሶ አለመመርመር ደግሞ በጨለማ መሄድ ነው። ስም በየወሩ መለዋወጥ ሕመሙን እንደማሳደድ ነው፤ ያገኛችሁትንና የተስማማችሁን ይዛችሁ ቆዩ።

እማማ ከዒድ በኋላ ተመልሰው መጡ። ፊታቸው ጠርቷል። ልጃቸው በስልክ አልቅሳ ዐፉ እንዳለቻቸው፣ ከአሳማ መሆኑን ጨርሶ እንዳላወቀች ነገሩኝ። «ምን እንድትልክ ልበላት?» ሲሉኝ በቁራጭ ወረቀት ላይ «ሌቮታይሮክሲን፣ 100 ማይክሮግራም» ብዬ ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው ከቦርሳቸው ከተቱና ወደ በሩ ካመሩ በኋላ ዞር አሉ።

«ቡናዬን ግን አታስተወኝም አይደል?»

«አላስተውዎትም እማማ። እንክብሉን ከዋጡ በኋላ አንድ ሰዓት ይጠብቁ ብቻ።»

«አንድ ሰዓት!» አሉ፤ የአሳማውን ነገር ከነገርኳቸው ዕለት በማያንስ ድንጋጤ።